ሳነቴ ላይ ያለ ጀበና፦ ታጥቦ በሚያገለግል ማጣሪያ ቡና ማፍላት

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «አራት ሆነን ባሌ ተራሮች ሦስት ሌሊት ልናድር ነው፤ አንዱን ዲንሾ፣ አንዱን ሳነቴ፣ አንዱን ሐረና ጫካ። ጀበና መንገድ ላይ ይሰበራል ብለን ከማይዝግ ብረት የተሠራ ሾጣጣ የቡና ማጣሪያ ገዛን። አዲስ አበባ ቤታችን ስንሞክረው መጀመሪያ ውሃ ውሃ አለ። በሙቀጫ የተወቀጠ ስናደርግበት ደግሞ ተዘጋ፣ የወረደውም አተላ ሆነ። ጨርቅ ይሻላል የሚሉም አሉ። ኔስካፌ አንፈልግም፤ የወረቀት ማጣሪያም ቆሻሻውን መሸከም አስጠላን። ምን ይሻለናል?»

ማጣሪያችሁ ደህና ነው። ሁለቱም ችግሮች የመጡት ከቡናው አፈጫጨት ነው፤ አንዴ በጣም ሻካራ ነበር፣ አንዴ በጣም ድቃቂ። ሳነቴ ላይ ግን አፈጫጨቱ ቢስተካከል እንኳ ውሃ ከላይ እያንቆረቆሩ በሾጣጣ የሚወርድ ቡና አያረካችሁም። ስለዚህ ሦስቱንም ሌሊት በአንድ ዓይነት አሠራር ብትሠሩ ይሻላል እላለሁ፦ ቡናውን አፉ ሰፊ በሆነ ፔርሙስ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በጥጥ ጨርቅ አጥልሉት። የብረቱ ሾጣጣ ሥራ አይፈታም፤ ጨርቁን ደግፎ ይይዛል፣ ጨርቁ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽም ብቻውን ይሠራል።

ለምን እንዲህ እንደምል ለመረዳት ከከፍታው መጀመር ያስፈልጋል። ውሃ በባሕር ጠለል በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ገደማ እያነሰ ይሄዳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ 90 ይሆናል። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ላይ ውሃው 87 ዲግሪ እንደደረሰ ይንተከተካል፤ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ላይ ከዚያም ያንሳል። ወደ ሐረና ስትወርዱ ደግሞ ካቻ የሚባለው የድንኳን ማረፊያ 2,400 ሜትር ገደማ ነውና እንደገና 92 ይመለሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ወጥ ቤታችሁ ውስጥ ያስተካከላችሁት አሠራር ካቻ ላይ እንዳለ ይሠራል፤ ሳነቴ ላይ ግን ተመሳሳይ ውጤት አትጠብቁ።

እሳት ማብዛት አይረዳም። አንዴ የፈላ ውሃ እሳቱ ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ የሚያልቀው ጋዙ ነው። «ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ይብረድ» የሚለው የተለመደ መመሪያም ለዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ ስለሆነ እዚያ እርሱት። ውሃው እየተንተከተከ በቀጥታ ቡናው ላይ ይፍሰስ።

አምስት ዲግሪ ብቻውን ብዙ ባልጎዳ ነበር። ጉዳቱን የሚያበዛው ከዚያ በኋላ የሚጠፋው ሙቀት ነው። የብረት ሾጣጣ ቀጭን ነው፣ ዙሪያውን ክፍት ነው፣ ሳነቴ ላይ ንፋሱ አያርፍም፤ ሌሊቱን ከዜሮ በታች ያደረ ኩባያም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። 87 ሆኖ የወጣው ውሃ ዱቄቱ ዘንድ ሲደርስ ከ80 በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ሙቀት ከቡናው ኮምጣጣው ቀድሞ ይወጣል፤ ጣፋጩና የአፍ ሙላት የሚሰጠው ግን ዱቄቱ ውስጥ እንደቀረ ይጣላል። ቤት ውስጥ «ውሃ ውሃ» ያላችሁት ጣዕም እዚያ ላይ ደግሞ ይኮመጥጣል። ጀበና ይህ ችግር የሌለበት ቡናውና ውሃው አብረው እሳት ላይ ስለሚቆዩ ነው። በፔርሙስ መዘፍዘፍም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው፤ ሙቀቱን መጨመር ስለማይቻል ሙቀቱን ይዞ ጊዜውን ማርዘም።

አሁን ወደ አፈጫጨቱ። በሙቀጫና ዘነዘና የተወቀጠ ቡና ውስጥ እንደ አቧራ የደቀቀውም፣ መካከለኛውም፣ ጨርሶ ያልደቀቀ ስባሪም አብረው አሉ። ለጀበና ይህ ችግር የለውም፤ ድቃቂው ይዘቅጣል፣ አንገቱና ውታፉ የቀረውን ይይዛሉ፣ ሲቀዳም ጀበናው ጎኑን ተደግፎ ጋደም ብሎ ይቆያል። የብረት ማጣሪያ ላይ ግን ድቃቂው ሁለት ጥፋት ያጠፋል፤ ግማሹ በቀዳዳው አልፎ ሲኒ ውስጥ ጭቃ ይሆናል፣ ግማሹ ቀዳዳውን ይደፍናል። ማጣሪያውን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ተመልከቱት፤ ቀዳዳዎቹ በዓይን የሚለዩ ከሆነ የሙቀጫ ዱቄት ያለ ጥርጥር ያልፍባቸዋል።

የሚሻለው ባለ ጥርስ የእጅ መፍጫ ነው፤ ምላጭ የሚሽከረከርበት የኤሌክትሪክ መፍጫ እንደ ሙቀጫው የተቀላቀለ ነገር ነው የሚያወጣው። ለፔርሙሱና ለጨርቁ የሚሆነው ልክ በጣት ሲታሽ ከስኳር ቅንጣት ትንሽ የደቀቀ ነው። በብረቱ ብቻ የምታጣሩ ከሆነ ደግሞ ከስኳር ቅንጣት ትንሽ ከፍ ይበል። መፍጫ ከሌላችሁ የተወቀጠውን ሽቦው ጠበቅ ባለ የሻይ ማጥለያ ንፉት። ወደ ታች የሚወርደውን ድቃቂ ለቤት ጀበና አስቀምጡት፤ ማጥለያው ላይ የቀረውን ነው ይዛችሁ የምትሄዱት። ስባሪ ከበዛበት መልሳችሁ ውቀጡና እንደገና ንፉ። መመዘን ያለባችሁም ከተነፋ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ልኩ ይዛባባችኋል።

ስለ ልኩ። ለአራት ሰው ለእያንዳንዱ 200 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሦስት ሲኒ ገደማ፣ ካሰባችሁ 60 ግራም ቡናና 920 ሚሊ ሊትር ውሃ ያዙ። ዱቄቱ የክብደቱን እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ስለሚያስቀር 800 ሚሊ ሊትር ቡና ይወጣችኋል። 60 ግራም በሾርባ ማንኪያ ልክ ሲሞላ 11 ገደማ ነው፤ ማንኪያ ግን አታላይ ነው፣ ቀለል ብሎ የተቆላና ጠቆር ያለው ቡና ክብደታቸው አይመሳሰልም። ሚዛን ቤት ይቅር፣ የተመዘነው ይሂድ፦ በየከረጢቱ 60 ግራም እያደረጋችሁ ስድስት ከረጢት አዘጋጁ፣ ለሦስት ምሽትና ለሦስት ጠዋት። ድምሩ 360 ግራም ቁሌት ነው። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ 15 እስከ 18 በመቶ ስለሚያጣ መፍጫ ካላችሁ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ብትቆሉ ተርፎም ይተርፋል፤ የተወቀጠ የምትነፉ ከሆነ ግን በማጥለያው ለሚወርደው ድቃቂ ጨመር አድርጉ። መፍጫ የምትይዙ ከሆነ ከረጢቱ ውስጥ ፍሬውን አድርጉና እዚያው ፍጩት፤ የተፈጨ ቡና መዓዛው ቶሎ ይበርራል።

አቆላሉ ከመካከለኛ ትንሽ ጠቆር ይበል። ቀለል ብሎ የተቆላ ቡና ጠንካራ ስለሆነ በ87 ዲግሪ ውሃ ያለውን በቀላሉ አይሰጥም። ከመነሳታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ቁሉት። ትኩስ ቁሌት ብዙ ጋዝ ስለሚያወጣ ውሃ ሲነካው ይኮፈሳል፣ ዱቄቱን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ውሃውም በደንብ አያገኘውም። ሐረና ስትደርሱ ወይም ወደ ዶሎ መና ከወረዳችሁ የጫካ ቡና ገዝታችሁ እዚያው ለመቁላት መፈለጋችሁ አይቀርም፤ ሐረና ቡና በዱር የሚበቅልበት ጫካ ነውና ይገባል። ያን ቡና ማታ ቆልታችሁ ሳትከድኑ አሳድሩትና ጠዋት አፍሉት። የግድ በዚያው ሰዓት መጠጣት ካለበት ከታች የምናገረውን የመጀመሪያ ማርጠቢያ ወደ አንድ ደቂቃ ከፍ አድርጉ፣ ሁለት ጊዜም አማስሉ።

ጨርቁን ራሳችሁ ብትሰፉት ይሻላል። ቀለም ያልነካው መቶ በመቶ ጥጥ ይሁን፤ አቡጀዲ ይሆናል፣ ሽመናው በጣም ጥቅጥቅ ካለ ግን ቡናው ይንጠባጠባል እንጂ አይወርድም። ስትመርጡ በጨርቁ አሻግራችሁ ንፉበት፤ ትንፋሻችሁ ያለ ችግር ካለፈ ደህና ነው። በብረት ሾጣጣው ልክ፣ አፉ ላይ ሦስት ጣት ያህል ተርፎ ወደ ውጭ እንዲታጠፍ አድርጋችሁ በጥጥ ክር ስፉት፤ ስፌቱ ወደ ውጭ ይሁን፣ ውስጥ ከሆነ ዱቄት ይሰበስባል። አዲስ አቡጀዲ ከፋብሪካ ሲወጣ ማድረቂያ ስታርች አለበት። ስለዚህ ከጉዞው በፊት አንድ ሁለት ማንኪያ ያገለገለ ቡና በገባበት ውሃ 10 ደቂቃ ቀቅሉት፣ አለቅልቁት፣ አሽትቱት። የጨርቅ ሽታ ካልለቀቀው ድገሙ። ይህን የዘለለ ሰው የመጀመሪያው ፍል ላይ የሚያገኘው የአዲስ አንሶላ ጣዕም ነው። ሳሙና በፍጹም አይንካው፤ ጥጡ የያዘውን ሽታ ቡናው መልሶ ያወጣዋል።

በጨርቅ የወረደ ቡና ከብረቱ ይልቅ ጠራ ያለ ነው፤ ቅባቱንም አብዛኛውን ያስቀራል። ብረቱ ቅባቱን ያሳልፋል፣ ለዚህ ነው አፍ ላይ ወፈር የሚለው። በማይጣራ ቡና ቅባት ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ዕለት ተዕለት ብዙ ሲጠጣ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል። ለሦስት ቀን ጉዞ አያሳስብም፤ ብረቱን ቤትም በየቀኑ ልትጠቀሙበት ካሰባችሁና ከመካከላችሁ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ካለ ግን በጨርቁ ይጠጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ከሩብ ውሃ ጣዱ። ውሃው ከምንጭ ወይም ከወንዝ የተቀዳ ከሆነ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይንተክተክ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ጀርም ለመግደል አንድ ደቂቃ አይበቃም። ከፈላው ላይ ሩብ ሊትር ያህሉን ፔርሙሱ ውስጥ ጨምራችሁ ክደኑና አንድ ደቂቃ አቆዩት፤ ከዚያ ይህንኑ ውሃ ወደ ኩባያዎቹና ወደ ጨርቁ አዛውሩት፣ እነሱም ይሙቁ። ቀሪው ውሃ እሳት ላይ እንዳለ 60 ግራሙን ቡና ባዶው ፔርሙስ ውስጥ ጨምሩና መጀመሪያ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ አፍስሱበት። በእንጨት ማንኪያ ደረቅ ዱቄት እስከማይቀር አማስሉት፤ ይኮፈሳል፣ አረፋ ያወጣል። 40 ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ ቀሪውን የፈላ ውሃ ሙሉበት፣ አንዴ አማስሉ፣ ክዳኑን ላዩ ላይ ጣል አድርጉት።

ክዳኑን አታጥብቁት። ከዱቄቱ የሚወጣው ጋዝና እንፋሎቱ በጠበቀ ክዳን ሥር ግፊት ስለሚፈጥሩ ሲከፈት ትኩስ ቡና ፊት ላይ ሊፈናጠር ይችላል።

ካቻ ላይ 4 ደቂቃ ተኩል ይበቃዋል። ዲንሾ 5 ወይም 6፣ ሳነቴ ከ7 እስከ 8 ደቂቃ። ፔርሙስ ከሌለ ክዳን ያለው ድስት ይሠራል፤ ከእሳት አውርዳችሁ ከነክዳኑ በጋቢ ጠቅልሉት፣ ለሳነቴ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት። ጊዜው ሲደርስ ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን ዱቄት በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ታች ስበሩት፣ አንድ ደቂቃ ይዝቀጥ። ለጀበና እንደሚደረገው ጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ማድረግ ዝቃጩን ያፋጥናል፤ ሳነቴ ላይ ግን ሙቀት ስለምንቆጥብ ይቅር። ከዚያ ጨርቁን ሾጣጣው ውስጥ አስቀምጣችሁ፣ የሞቀውን ውሃ ደፍታችሁ፣ ሳትነቀንቁ በቀጭኑ ቅዱበት። የመጨረሻዋን የአንድ ጣት ከፍታ ያህል ፔርሙሱ ውስጥ ተዉት። ጨርቁን አትጭመቁ፤ ጨምቃችሁ የምታገኙት ግማሽ ሲኒ ሌላውን ሁሉ ያመርረዋል።

ጨርቁ 800 ሚሊ ሊትሩን በሁለት ደቂቃ ገደማ ማውረድ አለበት። ከአራት ደቂቃ ካለፈ ወይ ዱቄቱ ደቅቋል፣ ወይ ጨርቁ ካለፈው ፍል በደንብ አልታጠበም። ጣዕሙ ሲዛባ የምታስተካክሉት አንድ ነገር ብቻ ይሁን፣ ሁለት ነገር አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ኮምጣጣና ቀጭን ከሆነ መጀመሪያ ጊዜውን በሁለት ደቂቃ አርዝሙ፤ ካልረዳ አፈጫጨቱን አንድ እርከን አድቅቁ። መራራ ሆኖ ምላስ የሚያደርቅ ከሆነ አሻክሩት። ጣዕሙ ደህና ሆኖ ኃይል ካነሰው ግን ጥፋቱ ከልኩ ነው፤ ውሃውን 100 ሚሊ ሊትር ቀንሱ።

ቶና ለሚፈልግ፦ በጀበና ድቃቂው ቡና ደግሞ ሲፈላ የሚሰጠው ነገር አለው። በዚህ አሠራር ግን አቦሉ ጥሩውን አብዛኛውን ወስዶታል፣ ዱቄቱን ደግማችሁ ብትዘፈዝፉት ምሬት ነው የሚመጣው። 15 ግራም አዲስ ቡና በአተላው ላይ ጨምራችሁ በ350 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 6 ደቂቃ ብታቆዩት የሚጠጣ ቶና ይወጣል። ጨው፣ ቅቤና ጤና አዳም የምትወዱ ሲኒው ላይ ጨምሩ። በተለይ ቅቤ ፔርሙሱ ውስጥ ከገባ ጨርቁን ይደፍነዋል፣ በሜዳ እጥበትም አይለቅም።

ጋዝን በተመለከተ ሳነቴ ላይ የሚገጥማችሁን አሁኑኑ እወቁት። በረጅም ቆርቆሮ የሚሸጠው ለጠረጴዛ ምድጃ የሚሆን ጋዝ አብዛኛውን ጊዜ ንጹሕ ቡቴን ነው። ቡቴን ብርዱ ሲበረታ ፈሳሽ ሆኖ ይቀራል እንጂ በደንብ አይተንም፤ ቆርቆሮው ሙሉ ሆኖ ሳለ ጠዋት እሳቱ ሊሞት ይችላል። ፕሮፔንና አይሶቡቴን የተቀላቀለበት ካገኛችሁ እሱን ግዙ። ካላገኛችሁ ቆርቆሮውን ማታ የመኝታ ከረጢት ውስጥ ይዛችሁ እደሩ፣ ጠዋትም ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቁሙት። በእሳት ማሞቅ ወይም ቆርቆሮውን ከነምድጃው በንፋስ መከለያ ዙሪያውን መዝጋት ያፈነዳዋል፤ መከለያው በአንድ በኩል ብቻ ይቁም። ለአንድ ፍል በብርድና በንፋስ ከ20 እስከ 30 ግራም ጋዝ ይሄዳል፣ ስለዚህ 230 ግራሙ ቆርቆሮ ለስድስቱ ፍል ይበቃል፤ የምግቡን ለየብቻ አስቡ። ወደ ባሌ ሮቤ በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ ጋዝ በእጅም በሻንጣም አይጫንም፣ መድረሻችሁ ላይ ማዘጋጀት ይኖርባችኋል። ድንኳን ውስጥ ምድጃ አይለኮስም፤ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በእንቅልፍ ላይ ይገድላል። ከፓርኩ እንጨት ለቅሞ ማንደድም አይገባም፤ የሳነቴ ቁጥቋጦ ለመብቀል ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ ሐረናም በበጋ በአንድ ፍንጣሪ ይያያዛል።

አተላው ይዞ መመለስ አለበት። ቡና ተፈጥሯዊ ቢሆንም ለሳነቴ አፈር ባዕድ ነው፣ በዚያ ብርድም ቶሎ አይበሰብስም። ትኩስ እያለ ጨርቁን ገልብጣችሁ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ አራግፉት። ዲንሾ ግቢ ከርከሮዎቹ ሰው ለምደዋል፣ ሌሊት ከረጢት ውጭ ካደረ ተቀዶ ነው የሚገኘው። እጥበቱ ከምንጭና ከወንዝ ቢያንስ 60 ሜትር ርቆ ይሁን፣ በጣሳ ውሃ ይበቃል። ብረቱን ከውጭ ወደ ውስጥ አለቅልቁት፣ ቀዳዳው የያዘው ወደ ኋላ ይወጣል። ጨርቁን ያለ ሳሙና እያሻችሁ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ እጠቡ፣ ጭመቁ፣ በንጹሕ ከረጢት አስቀምጡ። ሳነቴ ላይ ሌሊቱን እንደ እንጨት ድርቅ ብሎ ቢያድር አያስደንግጣችሁ፣ በረዶ ሆኖ ነው፤ የመጀመሪያው ማሞቂያ ውሃ ይፈታዋል። ሐረና ግን ሙቀትና እርጥበት ስላለ በአንድ ቀን ይሻግታል፤ እዚያ ማታ ማታ አምስት ደቂቃ ቀቅሉት።

ቤት ስትመለሱ ጨርቁን አንዴ ቀቅላችሁ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ፍሪጅ አስቀምጡት፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ቀይሩ፤ ደርቆ ከተቀመጠ ውስጡ የቀረው ቅባት ይሻግታል። ሦስት ወር ገደማ ካገለገለ ወይም ከታጠበም በኋላ መንጠባጠብ ከጀመረ ሌላ ስፉ። ብረቱ ላይ የሚቀረው ቡናማ ሽፋን በሙቅ ውሃ፣ በጥቂት የዕቃ ሳሙናና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይለቃል፤ ነጭ የውሃ ጨው ከያዘ በእኩል ውሃ በተበጠበጠ ነጭ አቼቶ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉትና በደንብ አለቅልቁት። መጽዳቱን ለማየት ባዶውን ማጣሪያ ቧንቧ ሥር ያዙት፤ ውሃው በሁሉም ጎን እኩል ከወረደ ጸድቷል፣ አንድ ጎን ላይ ከታቆረ ብሩሹን እዚያው ላይ መልሱት።